በቤታችን ውስጥ ስላለው የሥራ ውል

ሕግ የሚለው ቃል በተነገረ ጊዜ የብዙ ሰው አሳብ የሚሄደው ወደ ችሎት፥ ወደ ዳኛና ወደ ጠበቃ ነው። ነገር ግን ሕግ ከችሎት አስቀድሞ በቤት ውስጥ የሚኖር ነገር ነው። የቤት ባለቤት ማለዳ ተነሥቶ ከደጁ ሳይወጣ ከብዙ ውል ጋር ይገናኛል፤ በገበታው ላይ ያለው ዳቦ በሽያጭ ውል የመጣ ነው፤ ቤቱም የተከራየው እንደ ሆነ በኪራይ ውል የተያዘ ነው፤ ቁርሱን ያቀረበችለትም ሠራተኛ በሥራ ውል የገባች ናት። ከእነዚህ ከሦስቱ አብልጦ የሚዘነጋው ይህ የመጨረሻው ነው። ስለዚህ ውል ማለት ምን እንደ ሆነ፥ የቤት ሠራተኛ ውል በሕግ ዘንድ ምን ስፍራ እንዳለው፥ ክርክርም በተነሣ ጊዜ ወዴት እንደሚኬድ ለተከበሩት አንባቢዎቻችን ልንገልጽ አስበናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በሀገራችን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሕግ በሀገራችን ያለው ክብር ከጥንት የመጣ ነው። በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች ዱላ ተማዝዘው ሲጣሉ ያየ መንገደኛ «በሕግ አምላክ» ባለ ጊዜ የተነሣው ዱላ ይመለስ ነበር፤ ባለ ጉዳዮቹም ያንኑ መንገደኛ ዳኛ አድርገው ከዛፍ ጥላ ሥር ይሟገቱ ነበር። ተረታችንም «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ይላል። የዚህም ተረት ምስጢር ሰውን የሚያሳዝነው የጠፋበት ነገር ትልቅነት ሳይሆን የተደረገበት ግፍ መሆኑን መግለጥ ነው። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ለከፋዩ ምናልባት እንደ ጭብጦ ያለ ነገር ይሆናል፤ ለተቀባይዋ ግን የድካሟ ዋጋ፥ የወላጆቿም ተስፋ ነውና ያለ ፍርድ የቀረችባት እንደ ሆነ ልቧን ስታቃጥላት ትኖራለች።

በትልልቆቹ ቤቶች ውስጥ ቀድሞ እንጀራ ጋጋሪ፥ ወጥ ሠሪ፥ ጠጅ ጣይ፥ ውሃ ቀጂ፥ እንጨት ሰባሪ፥ እልፍኝ አስከልካይ እየተባለ ሥራው ለየሰዉ ተከፍሎ ይሠራ ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ የሚያገለግሉት ለቀለብና ለልብስ ነበር እንጂ የተቈረጠ የወር ደመወዝ አልነበራቸውም። በባርነት የተያዙም ነበሩ፤ ይህም በ1934 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ተሽሯል። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም ማንም ሰው በባርነት ወይም በግዴታ አገልጋይነት እንዳይያዝ ይከለክላል። እንግዲህ ዛሬ በሰው ቤት የሚሠራ ሰው የሚሠራው በነጻ ፈቃዱ ተዋውሎ ነው። ገረድና አሽከር ይባል የነበረው «የቤት ሠራተኛ» ሲባል የተለወጠው ስሙ ብቻ አይደለም፤ የጌታና የሎሌ የነበረው ነገር የሁለት ተዋዋዮች ነገር ሆኗል ማለት ነው።

ውል ምንድር ነው? ስለ ውል በሰፊው የሚናገረው በ1952 ዓ. ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ. ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የዚህን ሕግ ረቂቅ ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ የፈረንሳይ አገር የሕግ ሊቅ ነበሩ። በዚህ ሕግ መሠረት ውል ማለት ሁለት ወይም ከሁለት የሚበልጡ ሰዎች ስለ ንብረታቸው ግዴታን ለመፍጠር፥ ለመለወጥ ወይም ለማስቀረት የሚያደርጉት ስምምነት ነው። ስምምነቱም የጸና እንዲሆን አስቀድሞ ተዋዋዮቹ ለመዋዋል ችሎታ ያላቸው፥ ፈቃዳቸውም ከስሕተት፥ ከተንኮልና ከማስገደድ የጸዳ መሆን አለበት፤ ቀጥሎም የተዋዋሉበት ጉዳይ በሚገባ የተወሰነ፥ ሊፈጸም የሚቻልና ሕጋዊ መሆን አለበት፤ ሕግ የተለየ የአጻጻፍ ሥርዓት ያዘዘም እንደ ሆነ ያንኑ መፈጸም ያስፈልጋል። እንዲህ ሆኖ የተደረገ ውል በተዋዋሉት ሰዎች መካከል እንደ ሕግ ይቈጠራል።

የሥራ ውልም አንዱ ወገን በሌላው መሪነት የጉልበት ወይም የአእምሮ ሥራ ሊሠራ፥ ሌላውም ስለዚህ ደመወዝ ሊከፍል የሚዋዋሉት ውል ነው። በዚህ ትርጕም ውስጥ ሥራ፥ መሪነትና ደመወዝ ሦስቱ በአንድነት ይገኛሉ። በጽሕፈት ቤት የሚጽፈው ጸሓፊና በወጥ ቤት የምትጋግረው ሠራተኛ በዚህ ረገድ ልዩነት የላቸውም። የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ትእዛዝም ስለሌለ እመቤቲቱ «ይህን ያህል እከፍልሻለሁ» ብላ ሠራተኛዪቱ «እሺ» ያለች ጊዜ ውሉ ተፈጽሟል። ወረቀት ስላልጻፍን ውል የለንም የሚሉ ሰዎች እጅግ ይሳሳታሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በ2011 ዓ. ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ትርፍ ለማግኘት ሳይሆን ለግል አገልግሎት በሚደረግ የሥራ ውል ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ ዓይነት ሥራ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲያወጣ ግን ያዛል። የፋብሪካው ሠራተኛ በአዋጁ ሲጠበቅ የቤቱ ሠራተኛ የሚጠበቀው በፍትሐ ብሔር ሕጉና በራሱ ውል ነው ማለት ነው። እንግዲህ የአዋጁ ጥላ በማይደርስበት ስፍራ የሚያስጠልለው ውሉ ነውና፥ ውሉን በደንብ ማድረግ ከየትኛውም መሥሪያ ቤት ይልቅ በቤት ውስጥ የሚያስፈልግ ሆኖ እናገኘዋለን።

ይህንንም በምሳሌ እናስረዳ። ከገጠር የመጣች አንዲት ልጅ በወር 2,000 ብር ልትሠራ ተስማምታ ገባች እንበል። እመቤቲቱም ልጅቱን በመውደድ «ገንዘቡ በእጅሽ ቢሆን ይጠፋብሻል፤ እኔ ላስቀምጥልሽ» አለቻት። አራት ዓመት አለፈ። ልጅቱ ልትዳር ወይም ወደ ወላጆቿ ልትመለስ በተነሣች ጊዜ ሒሳቡ 96,000 ብር ይሆናል። እመቤቲቱ ግን ለልብስ፥ ለሕክምናና ለወላጆቿ የተላከውን ቈጥራ «የቀረሽ ጥቂት ነው» ትላለች፤ ልጅቱም «አልተቀበልሁም» ትላለች። ሁለቱም ከልባቸው እውነት የሚናገሩ ይመስላቸዋል፤ የሚዳኛቸው ጽሑፍ ግን የለም። አራት ዓመት እንደ እናትና እንደ ልጅ ሆነው በአንድ ገበታ የኖሩት ሁለት ሰዎች በዚህ ምክንያት በዳኛ ፊት ይቆማሉ።

በዳኛውም ፊት ሕጉ እንዲህ ይላል፤ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት፤ ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ሰው ደግሞ ያንኑ ማስረዳት አለበት። ስለዚህ ልጅቱ ተቀጥራ መሥራቷንና የተስማሙበትን ደመወዝ በጎረቤት ምስክር ባስረዳች ጊዜ፥ መክፈሏን ማስረዳት የእመቤቲቱ ዕዳ ይሆናል። «ከፍያለሁ» ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ብዙ የቤት ባለቤቶች ጽሑፍ የሚጠቅመው ሠራተኛን ብቻ ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ከፍሎ ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ሁለተኛ እንዲከፍል ሊፈረድበት ይችላል። አንድ ተራ ደብተር ገዝቶ በየወሩ የተከፈለውን ገንዘብና ቀኑን እየጻፉ ተቀባይዋን ማስፈረም ይህን ሁሉ ክርክር ያስቀራል። ከዚህም የተሻለው መንገድ በሠራተኛዪቱ በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ማስከፈትና ደመወዟን በዚያ ማግባት ነው፤ የባንኩ መዝገብ ለሁለቱም ታማኝ ምስክር ይሆናቸዋልና።

ስለ ፊርማም ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው በጣቱ አሻራ ቢፈርም፥ አሻራው በውል አዋዋይ፥ በመዝጋቢ ሹም ወይም ሥራውን በሚፈጽም ዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በስተቀር እንደማያስገድደው የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል። ይህም የተደረገው ያልተማረ ሰው ያላወቀውን ነገር ፈርሞ እንዳይጠቃ ነው። ስለዚህ ያላነበበችውን ወረቀት በቤት ውስጥ በአሻራ አስፈርሞ ማስቀመጥ ለክርክር ቀን ብዙ አይረባም። ውሉን በሚገባት ቋንቋ ጮክ ብሎ ማንበብ፥ እርሷ ያመነችበትም አንድ ሰው አብሮ እንዲሰማ ማድረግ፥ የሚቻልም እንደ ሆነ ሰነድ በሚረጋገጥበት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ መፈረም የተሻለ ነው።

በከተማችን ልማድ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሉ ሳይሆን ስለ ተያዡ ነው። «ተያዥ አላት ወይ?» ይባላል፤ ደላላው ወይም አንድ የአገር ልጅ «እኔ አለሁ» ይላል፤ ነገሩም በዚሁ ያልቃል። በሕግ ዘንድ ግን ዋስትና እንዲህ በቀላሉ የሚፈጸም ነገር አይደለም። የዋስትና ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲፈረም ያስፈልጋል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ልክ እስከ ስንት እንደ ሆነም ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ስለዚህ በቃል «አለሁ» ያለው ተያዥ ንብረት በጠፋ ጊዜ በሕግ የሚያስይዘው ነገር አይኖርም። ተያዥ የሚፈልግ የቤት ባለቤት የገንዘቡን ልክ ወስኖ በጽሑፍ ያድርገው፤ ተያዥ የሚሆነውም ሰው ለምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠየቅ አውቆ ይፈርም።

በአሠሪው ቤት እያደረ የሚሠራ ሰው ከሌላው ሠራተኛ የሚለይበት ነገር አለ። የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ በማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የቤት ሠራተኛ ግን ቤቱና የሥራ ስፍራው አንድ ነው። ሕጉም ይህን ተመልክቶ በቤቱ ሠራተኛ የሚያኖር አሠሪ ስለ መኝታው ስፍራ፥ ስለ ምግቡ፥ ስለ ጸሎቱና ስለ ዕረፍቱ ጊዜ የሠራተኛውን ጤናና መልካም ጠባይ ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርግ ያዝዛል። ቢታመምም በቤት ወይም በሐኪም ቤት እንዲታከም ማድረግ በሕግ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ የአሠሪው ግዴታ ነው። በወጥ ቤት ወለል ላይ ማስተኛት፥ የታመመችን ልጅ ዕቃዋን አስይዞ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ መስደድ ነውር ከመሆኑ በላይ ከዚህ ሕግ ጋር የሚጋጭ ነው።

የሥራውን ሰዓትና የዕረፍቱን ቀን ለመወሰን የቸገረው ሰው ከአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ምሳሌ ሊወስድ ይችላል። አዋጁ ከላይ እንደተናገርነው ቤትን ባያዝም መለኪያው ግን ለኅሊና መሪ ይሆናል። በአዋጁ መሠረት መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ በየሳምንቱ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት አለ፤ የመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ያሰጣል፤ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የተከለከለ ነው። በተለይ ስለዚህ ስለ ዕድሜ ነገር እንድናስብበት ያስፈልጋል። «ላስተምራት አምጥቻታለሁ» ተብሎ ከዘመድ ቤት የመጣች ታናሽ ልጅ ትምህርት ቤት ሳትሄድ ሕፃን ስታዝልና ዕቃ ስታጥብ ከዋለች፥ የዘመድነት ስም ሥራውን አይሸፍነውም። ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ ሕገ መንግሥቱ ራሱ ደንግጓል።

ከቤት ውስጥ ዕቃ በጠፋ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የምትጠረጠረው ሠራተኛዪቱ ናት። ጥርጣሬ ግን ፍርድ አይደለም። የተከሰሰ ሰው እንኳ ጥፋተኛነቱ በፍርድ ቤት እስኪረጋገጥ ድረስ ንጹሕ ሆኖ መገመት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀለት መብት ነው። የተጠረጠረችውን በክፍል መዝጋት፥ ደመወዟን ይዞ ማስቀረት፥ መታወቂያዋን መንጠቅ የቤት ባለቤት ሥልጣን አይደለም፤ መርምሮ መክሰስ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ፥ መፍረድም የዳኛ ሥራ ነው። ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ከሳሽም ዳኛም ሊሆን አይገባውም።

እንግዲህ ክርክር በተነሣ ጊዜ ወዴት ይኬዳል? መጀመሪያው መንገድ የታወቀው የሽማግሌ መንገድ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች የሚያከብሩት ሰው ቃላቸውን ሰምቶ ቢያስታርቅ ገንዘብም ጊዜም ይተርፋል። ዕርቁም በጽሑፍ ይሁን። ይህ ያልሆነ እንደ ሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለቤት ሠራተኛ ክርክር በር የሚከፍተው ለፋብሪካ ሠራተኞች የተቋቋመው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ሳይሆን መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። በፌዴራሉ በኩል የመጀመሪያ ደረጃ፥ ከፍተኛና ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሉ፤ በክልሎችም የወረዳ፥ የከፍተኛና የጠቅላይ ፍርድ ቤት ይገኛሉ። በታችኛው ፍርድ ቅር የተሰኘ ወገን ወደ በላይኛው ይግባኝ ይላል፤ በመጨረሻም ፍርዱ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበት እንደ ሆነ ለሰበር ሰሚ ችሎት ሊያመለክት ይችላል። በ1900 ዓ. ም. ዳግማዊ አጤ ምኒልክ ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ የፍርዱን ሚኒስቴር ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ከሰጡበት ጀምሮ ዳኝነት ከዛፍ ጥላ ወደ ጽሕፈት ቤት፥ ከቃልም ወደ መዝገብ እየገባ መጥቷል። ፍርድ ቤት ያለ ሁሉ መዝገብ የሚይዝ ሲሆን፥ ቤታችን ያለ መዝገብ ሊኖር አይገባውም።

በዚህ ነገር እጅግ የምንደነቅበት አንድ ጉዳይ አለ። ልጆቻችን ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሥራ በሚሄዱበት ጊዜ ደመወዛቸው፥ ዕረፍታቸው፥ ሕክምናቸው በጽሑፍ ውል እንዲወሰን እንጠይቃለን፤ በ2008 ዓ. ም. የወጣው ስለ ውጭ አገር የሥራ ስምሪት የሚናገረው አዋጅም ውላቸው በመንግሥት እንዲታይ አድርጓል። ፓስፖርታቸው ተነጠቀ፥ ደመወዛቸው ተከለከለ የተባለ እንደ ሆነ ሁላችን እናዝናለን። ይህም ማዘን የሚገባ ነው። ነገር ግን ለቤሩትና ለሪያድ እመቤት የምንመኘውን ሥርዓት በራሳችን ወጥ ቤት ውስጥ ካላደረግነው ኀዘናችን ግማሽ ኀዘን ይሆናል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ. ም. አባል የሆነችበት የዓለም የሥራ ድርጅትም በሰኔ ወር 2003 ዓ. ም. በጄኔቭ ባጸደቀው ስምምነት የቤት ሠራተኛ እንደ ሌላው ሠራተኛ ሁሉ መብት ያለው መሆኑን፥ የሥራውም ሁኔታ በሚገባው አኳኋን፥ ቢቻል በጽሑፍ፥ እንዲነገረው ወስኗል።

እንግዲህ ውሉን በጽሑፍ ለማድረግ ለሚወድ አንባቢ የሚበቃው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በእርሱም ላይ የሚጻፈው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ የሁለቱ ተዋዋዮች ሙሉ ስም፥ አድራሻና የሠራተኛው ዕድሜ።

2ኛ፤ የሥራው ዓይነት፤ ይኸውም ምግብ ማብሰል፥ ልብስ ማጠብ፥ ሕፃን መጠበቅ ወይም ዘበኝነት መሆኑ፤ «ያዘዝሁትን ሁሉ» ማለት አይበቃም።

3ኛ፤ የደመወዙ ልክ፥ የሚከፈልበት ቀንና ለማን እንደሚከፈል።

4ኛ፤ ሥራ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፥ የሳምንቱ የዕረፍት ቀንና የዓመቱ ፈቃድ።

5ኛ፤ የመኝታው ስፍራ፥ ምግቡና በሕመም ጊዜ የሚደረገው ነገር።

6ኛ፤ ዕቃ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ እንዴት እንደሚታይ፤ ሳይነጋገሩ ከደመወዝ መቍረጥ የጠብ ሁሉ መጀመሪያ ነውና።

7ኛ፤ አንዱ ወገን ውሉን ለማቋረጥ ሲፈልግ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚያስታውቅ።

8ኛ፤ የሁለቱ ፊርማ፥ የምስክሮችም ፊርማ፥ ቀኑና ዓመተ ምሕረቱ። ወረቀቱም በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ በአሠሪው፥ አንዱ በሠራተኛዪቱ እጅ ይቀመጥ። በእርሷ እጅ የሌለ ውል ለእርሷ የለም ማለት ይቻላል።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «በፍቅር ለሚኖር ቤት ወረቀት ምን ያደርጋል? ጽሑፍስ አለመተማመን አይሆንም ወይ?» ይል ይሆናል። እኛ ግን ጽሑፍ ፍቅርን አያጠፋም እንላለን። ወንድማማች ርስት ሲካፈሉ ይጻጻፋሉ፤ ባልና ሚስትም ሲጋቡ ይፈርማሉ፤ ይህ ሁሉ የሚደረገው በመካከላቸው ጥላቻ ስላለ አይደለም። ከአራት ዓመት በኋላ በዳኛ ፊት የሚያቆመው ያ የተጻፈው ወረቀት አይደለም፤ ያልተጻፈው ነው። ሠራተኛዪቱም ወደ አገሯ በምትመለስበት ቀን ደመወዟን ሳታጐድል ተቀብላ፥ ያገለገለችበት ዘመንና የሠራችው ሥራ የተጻፈበትን ወረቀት ይዛ፥ መርቃ የወጣች እንደ ሆነ የቤቱ ክብር በሄደችበት ስፍራ ሁሉ ይነገራል።

ስለዚህ የተከበሩት አንባቢዎቻችን በሚመጣው የደመወዝ ቀን አንድ ደብተር ገዝተው ሠራተኛቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው፥ የተከፈለውንና ያልተከፈለውን በአንድነት ቈጥረው ሒሳቡን እንዲጽፉ አደራ እንላለን። የሚወስደው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።